አቲሊዮ ይሁዳና የጸሎተ ሐሙስ ዳቦ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። እኛ ደሴት ላይ ግን መልአኩ ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ስም የሚያወጣው የጎረቤት ምላስ ነው። ቫልዳንጋ ላይ ከሁለት ሰው አንዱ ቡዜቶ ነው። አንተ ቡዜቶ፣ ሚስትህ ቡዜቶ፣ አስተማሪህ ቡዜቶ፣ የሚቀብርህ ቄስም ቡዜቶ። ቅጽል ስም ከሌለህ ፖስታህ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ይቀራል። የኔ ወገኖች “እንድርያሶች” ይባላሉ፤ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ ሳይቀር “ኖርማ ቡዜቶ እንድርያስ” ተብዬ ነው የተጻፍኩት። አቲሊዮ ደግሞ “አቲሊዮ ቡዜቶ ይሁዳ” ነው። መታወቂያው ላይ እንደዚያ ነው፣ የመብራት ደረሰኙ ላይ እንደዚያ ነው፣ የሚስቱ መቃብር ላይም እንደዚያ ነው። እስቲ አስቡት፤ የሚስቱ መቃብር ላይ።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ሥዕል ነው። እኔ ቲኬት የምሸጥባት፣ አቲሊዮ ደግሞ ጥበቃ የሆነባት ሙዚየም ድሮ የመረብ መጋዘን ነበረች። ውስጧ ዛካሪያ ቦንቪዚን የሚባል፣ የዛሬ ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ የኖረ ሠዓሊ የሣላቸው ሰባት ሥዕሎች አሉ። ስድስቱን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ጉንፋን የያዘው የሚመስል ዳኛ አለ፣ ሎሚ የያዘች ሴት አለች፣ ሁለት ውሾች አሉ፣ የቀሩት የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሀብታሞች ናቸው። ሰባተኛው ግን ግድግዳውን ጠቅላላ የያዘው “የመጨረሻው እራት” ነው። ከአያቶቻችን የሰማነው፣ ቦንቪዚን ደሴታችን መጥቶ አንድ ክረምት ተቀምጦ፣ ዓሣ አጥማጆቻችንን ጠረጴዛ ዙሪያ ደርድሮ እንደሣላቸው ነው። መላጣው ጴጥሮስ የባርባ ናኔ ቅድመ አያት ነው፤ “ባርባ” የምንለው ሽማግሌን ስናከብር ነው። ጢሙ ለሁለት የተከፈለው እንድርያስ የኔ ነው። ፊቱ ለጋ የሆነው ዮሐንስ የሲዮራ ቶስካ ወገን ነው፤ “ሲዮራ” ማለት ወይዘሮ ነው። ከረጢቱን ጨብጦ ፊቱን ወደ በሩ ያዞረው፣ ያ አፍንጫ ረጅሙ፣ ያ ጆሮ ሰፊው፣ የአቲሊዮ ነው።

በየዓመቱ የጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ሙዚየሙ ለጎብኚ ይዘጋል። ከአሥራ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ አንድ ሰው ይመጣና እያንዳንዱ በሐዋርያው ሥር ይቆማል። የጴጥሮሶች አለቃ መነኮሳቱ የጋገሩትን አንድ ዳቦ ያነሳል። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ይሁዳ ይወጣል፤ በሩ ከኋላው ይዘጋል። ከዚያ ዳቦው ተቆርሶ አሥራ አንዳችን እንበላለን። ስንጨርስ በሩ ይከፈትና እየተሳሳቅን ባርባ ናኔ ቤት ወይን ልንጠጣ እንሄዳለን። አቲሊዮም ይጠራል። ከወይኑ የሚከለክለው የለም፤ ክፉ ሰዎች አይደለንም እኮ። ለራሴ እንዲህ ነበር የምለው።

አቲሊዮን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። አባቱ ከጭቃ ውስጥ የሚበላ ዛጎል እየለቀመ የሚያድር ምስኪን ነበር። ትምህርት ቤት እረፍት ላይ ልጆቹ ለአቲሊዮ እጃቸውን ይዘረጉለት ነበር፤ “ሠላሳው የታለ?” እያሉ። እኔም ዘርግቻለሁ፤ አልዋሽም። የእግር ኳስ ቡድናችን ሲሸነፍ የሸጠው እሱ ነው። የፋይናንስ ፖሊስ የኮንትሮባንድ ሲጋራ የጫኑ ሦስት ጀልባዎች የያዘ ጊዜ፣ “ማን ጠቆመ?” ሲባል መንደሩ በሙሉ ወደ አቲሊዮ ቤት ዞረ። አቲሊዮ በዚያ ወቅት ወታደር ነበር፤ ኡዲኔ ካምፕ ውስጥ ድንች እየላጠ። ከኡዲኔ ሆኖ እንዴት እንደጠቆመ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ግራዚየላን ሊያገባ ሲል እናቷ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሱ። “ልጄን ወይዘሮ ይሁዳ ላስብላት?” አሉ። ግራዚየላ የዋዛ አልነበረችም። “እማዬ፣ ከአሥራ ሁለቱ ከረጢት ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ምን አስለቀሰሽ?” አለቻቸውና አገባችው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሳሳቁ ኖሩ። ከዚያ በካንሰር ሞተችበት፤ አንዲት ልጃቸውን ሞሬናን ብቻውን አሳደጋት። ሁለተኛ አላገባም። ሦስት ቀን የሚያለቅስ አማት ሁለቴ አያምረኝም ይላል።

በሃያ ስድስት ዓመቱ የሙዚየሙን ሥራ ሲያገኝ ቡና ቤት ውስጥ ስንት ቀን ተሳቀበት። “ይሁዳን ጌታ ላይ ጠባቂ አደረጉት” ተባለ። እሱ ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብሎ ወንበሩን ከይሁዳ ሥር አስቀመጠ፤ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ሰጥቶት። እዚያ ያስቀመጠበት ምክንያት የገባኝ ቆይቶ ነው። ፊት ለፊት ቢቀመጥ ጎብኚው አንዴ እሱን አንዴ ሥዕሉን እያየ ያመሳስላል። ሥሩ ሲሆን ግን ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ቢሆንም ራቅ ብለው ፎቶ የሚያነሱት አልጠፉም። እውነቱን ንገሪ ካላችሁኝ፣ ወጣት ሆኖ ይሁዳን አይመስልም ነበር። እየቆየ ነው የመሰለው። ሰው ዕድሜ ልኩን ይሁዳ ሲባል ትከሻው ይወርዳል፣ ዓይኑ ወደ በር ማየት ይለምዳል።

ውሃው ወደ ደሴቲቱ የገባበት የኅዳር ጠዋት ከጉልበት በላይ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ የሥዕሉን የታች ጠርዝ በዓሣ ሣጥን ላይ ያቆመው እሱ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱ ስድስት ሰዓት ሙሉ በትከሻው ደግፎ ቆየ። ከዚያ በኋላ የሳንባ ምች ይዞት አንድ ወር ተኛ። ባርባ ናኔ ሊጠይቁት መጥተው፣ “አየህ፣ በመጨረሻ ይሁዳ ጴጥሮስን አዳነው” ብለው ሳቁ። አቲሊዮም እያሳለ ሳቀ።

ሰው ሆኖ የማይከፋው የለም መቼም። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው ነገሩ የከፋው። በደንቡ መሠረት እሱ ጡረታ ሲወጣ የይሁዳነት ቦታው ወደ ሞሬና ይሄዳል። ሞሬና ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዛጎል በሚለይበት የዓሣ አጥማጆች ማኅበር መጋዘን ትሠራለች፣ እጇ እንደ ወንድ እጅ ነው፣ አፏም አይሰንፍም። “እዚያ በር ላይ አልቆምም። ቁሚ ካላችሁኝ ሜስትሬ ቤት ተከራይቼ እገባለሁ” አለች። አፏ እንደሚናገረው እንደምታደርግ አቲሊዮ ያውቃል። ሜስትሬ ከውሃው ማዶ ያለ ከተማ ነው፣ ሩቅ አይደለም፤ ግን የሄደ ሰው ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው የሚመለሰው። ሞሬና ከሄደች ያ ቤት ውስጥ እሱና ሬዲዮኑ ሊቀሩ ነው።

ስለዚህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነ። እኔ ባለሁበት ነው፤ ባርባ ናኔ ቲኬት መሸጫው ጋ ቆመው ነበር።

“ባርባ ናኔ፣ በኔ ይብቃ” አላቸው። “ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው። አንድ ጊዜ ውስጥ ቆሜ ልብላና ልጄ ላይ አይተላለፍ።”

“ልጄ፣ እኔ መች ፈጠርኩት?” አሉት ባርባ ናኔ፤ የሚያናግሩት የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው መሆኑን ረስተው። “ይሁዳ ካልወጣ እራቱ ምኑ እራት ነው? የሠራኸው ነገር እኮ የለም። ቦታህ ነው።”

“ቦታዬ መሆኑን አውቃለሁ” አለና ወደ ወንበሩ ሄደ።

አንጀቴን በላው። ግን ቲኬቴን መቁጠሬን ቀጠልኩ። የእንድርያስ ዘር መሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱም እውነት ነው።

በጥር ወር ከፓዶቫ ሊቪያ የምትባል ወጣት መጣች፤ የሥዕል አዳሽ ናት። ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዳ፣ በእንጨት ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ እያራሰች የስንት ዘመን ጭስ ትጠርግ ጀመር። በቀን የምታጸዳው የመዳፍ ያህል ነው። አቲሊዮ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ያያታል፤ ጥጡ ሲጠቁር አዲስ ያቀብላታል። አንድ የየካቲት ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ጠራችን። ጠረጴዛው ላይ ፎቶዎች ዘርግታ ነበር፤ በየሀገሩ ሙዚየም ያሉ የቦንቪዚን ሥዕሎች ናቸው።

“ጋሽ አቲሊዮ፣ ይኼን ይዩ” አለችው። “ፓዶቫ ያለው ዳቦ ጋጋሪ። ለንደን መጋዘን ውስጥ ያለው ለማኝ። ቪየና ያለው ቅዱስ ዮሴፍ። አፍንጫውን ይዩት። ጆሮው ጫፍ ላይ የተቀደደችዋን ይዩ።”

አየነው። አንድ ሰው ነው። የእኛው ይሁዳ ነው፣ እዚያ ዱቄት ለብሶ፣ እዚህ ሳንቲም እየለመነ፣ እዚያ ደግሞ ሕፃን አቅፎ።

“ክሬማ ከተማ የሠዓሊው ጎረቤት የነበረ ሰው ነው” አለች። “ቦንቪዚን ድሃ ስለነበር ሰው መቅጠር አይችልም፤ እነዚያኑ አምስት ስድስት ጎረቤቶቹን ነው ዕድሜ ልኩን የሣለው። የሸራውን ጀርባ ስንገልጠው ለክሬማ መነኮሳት የተሣለ መሆኑ ተጽፎበታል። እዚህ የደረሰው ገዳሙ ሲዘጋ ተሸጦ ነው፤ ሠዓሊው ያኔ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። እግሩ ይቺን ደሴት ረግጣ አታውቅም።”

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንድርያስም የኔ አይደለም ማለት ነው። ጢሙን እያየሁ ያደግኩት ሰውዬ የክሬማ ጫማ ሰፊ ይሁን ሌላ እግዜር ይወቅ።

አቲሊዮ የቪየናውን ፎቶ አነሳ። ብዙ ጊዜ ያዘው። “አያያዙን እይው” አለኝ። “ሕፃኑን አንገቱ ሥር ነው የደገፈው። ልጅ የያዘ ሰው ነው እንዲህ የሚይዝ።” ከዚያ ወደ ሥዕሉ ዞሮ በጣቱ ዮሐንስን አሳየ። “ይኼስ?”

“የሠዓሊው የእህቱ ልጅ ናት” አለች ሊቪያ። “እንዲያውም ሴት ናት። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሎሚ ይዛ ያለችው እሷ ናት።”

እኔ ተነስቼ ኮቴን መልበስ ጀመርኩ። በቀጥታ ቡና ቤት ልገባ ነው፤ ባርባ ናኔ በዚያ ሰዓት ካርታ ይጫወታሉ፣ ሁሉም ሰው አለ። ደስታ ይሁን ቁጣ እንጃ፣ ደሜ ፈልቷል። አቲሊዮ ክንዴን ያዘኝ።

“ወዴት ነሽ?”

“ልነግራቸው ነዋ። በጸሎተ ሐሙስ ትበላለህ። ሞሬናም የትም አትሄድ።”

“ተቀመጪ።”

“ምን ቆርጦኝ እቀመጣለሁ?”

“ቶስካስ?” አለኝ።

ሲዮራ ቶስካን ደሴቱ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አንቱ የምንላቸው፤ ግን ለብቻችን ስናወራ ቶስካ ነው የምንላቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ዲኖ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባሕር በላው፤ አስከሬኑም አልተገኘ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ይመጣሉ። ከዮሐንስ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ቲኬት ጠይቄያቸው አላውቅም። አንድ ቀን፣ “ሲዮራ ቶስካ፣ ቤት ፎቶው የለዎትም?” ብያቸው ነበር። “አለኝ” አሉኝ፤ “ፎቶው ላይ ግን ቆሞ ነው። እዚህ ማዕድ ላይ ነው። ሲበላ አየዋለሁ።”

ይኼን ስነግራት ሊቪያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ሥራዋም ሥራ ነው። “ሪፖርቱን መደበቅ አልችልም” አለች። “መውጣቱ አይቀርም።”

“ይውጣ። ከፋሲካ በኋላ ግን ይሁን” አላት አቲሊዮ። “በጸሎተ ሐሙስ፣ እዚያ ቆመው፣ ሰው ሁሉ ባለበት አይስሙት።”

“አንተ ሰውዬ ሞኝ ነህ” አልኩት። “ከሐሙስ በኋላ ምን ይጠቅምሃል? ጡረታህ ነው። ሌላ ሐሙስ የለህም።”

“እኔ የማጣው አንድ ቁራሽ ዳቦ ነው። እሳቸው ግን ልጃቸው ሁለተኛ ይሙትባቸው?”

“ሞሬናስ? እሷ ብትሄድብህስ?”

የቪየናውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ መልሶ፣ “ሞሬና ብትሄድም በሕይወት አለች” አለኝ።

ሊቪያ የሪፖርቱን ቅጂ ሰጠችው፣ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ እኔም አፌን ያዝኩ። ሁለት ወር አፍ መያዝ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ከባሌ ጋር ሳይቀር ሳልነጋገር ያደርኩበት ቀን ነበር፤ ሳላስበው እንዳያመልጠኝ።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። አቲሊዮ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወለሉን ጠረገ፣ አግዳሚዎቹን ወደ ጎን አደረገ፣ ጫማውን ቀለም ቀባ። ሥዕሉ ጸድቶ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ወጣ ብሏል፣ ሰማያዊው ለካ ሰማያዊ ነበር። ሰዉ አንድ በአንድ ገባ። ባርባ ናኔ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ሱፋቸውን ለብሰው ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ይዘዋል። ሲዮራ ቶስካ ዮሐንስ ሥር ቆመው በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሞሬና አልመጣችም።

“በሉ እንግዲህ” አሉ ባርባ ናኔ፤ ወደ አቲሊዮ እያዩ። “ዳቦው እየጠበቀ ነው።”

አቲሊዮ ወዲያው አልወጣም። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ወረቀቱ የት እንዳለ አውቃለሁ። አውጣው፣ አውጣው እያልኩ በሆዴ እለምነዋለሁ። ዓይኑ ሲዮራ ቶስካ ላይ አረፈ። እሳቸው እሱን አያዩም፤ ቀና ብለው ሥዕሉን ነው የሚያዩት። እጁን ባዶውን አወጣ። በሩን ከፍቶ ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።

ባርባ ናኔ ዳቦውን አነሱ። ያኔ ነው ያልቻልኩት።

“ባርባ ናኔ፣ አይቁረሱት” አልኩ።

“ምን ሆንሽ?”

“እሱ ካልበላ እኔም አልበላም።”

አንድ ሁለቱ ሳቁ። “ጡረታ የሚወጣው እሱ፣ የምታብደው እሷ” አለ ከኋላ ያለው ቶማስ፤ የናፍጣ ማደያው ባለቤት ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀልዱ እንደዚያ ነው።

“እንድርያስ ከማዕድ አይነሳም” አሉ ባርባ ናኔ በቁጣ። “ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ።”

“እኔ እንድርያስ አይደለሁም። ቲኬት ሻጭ ነኝ።”

የቀረው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ቢጨምሩብኝ ኖሮ ሁሉንም አፈርጠው ነበር። ሲዮራ ቶስካን ሳይ ዋጥኩት፤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

አቲሊዮ ኮሪደሩ ላይ በመስኮት ውጭውን ያያል። “ነገርሻቸው?” አለኝ ሳይዞር።

“አልነገርኩም። አንተ ካልበላህ አልበላም ብዬ ነው የወጣሁት።”

“አዝነሽልኝ ከሆነ ቤቴ ዳቦ አለ።”

“አዝኜልህ አይደለም” አልኩት። ማልቀስ አልፈለግኩም፤ ግን አለቀስኩ። “አፍሬ ነው። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስሠራ፣ አንተ እዚህ ቆመህ እኔ እዚያ ስበላ፣ አንድ ቀን እንኳ ጉሮሮዬ ላይ አልቆመም። ስትገባ ‘ወይን ትጠጣለህ?’ እልሃለሁ። አፈርኩ፤ በቃ።”

መሀረቡን አውጥቶ ሰጠኝ።

ከውስጥ ሲጨቃጨቁ ይሰማል። በሩ ተከፈተና ሲዮራ ቶስካ በከዘራቸው ቀስ እያሉ ወጡ። ባርባ ናኔ ዳቦውን እንደያዙ ከኋላቸው ደረሱ። “አሁን ዮሐንስም ወጣ?” አሉ። “እንግዲህ እኔና ግድግዳው እንብላው?”

ሲዮራ ቶስካ ዞር አሉ። “ናኔ፣ ወንጌሉን መቼ ነው ያነበብከው?” አሏቸው፤ እኩያቸው ናቸውና አንተ ነው የሚሏቸው። “በዚያች ሌሊት ያልሸሸ ማን ነበር? ዮሐንስም ሸሽቷል። ያንተው ጴጥሮስ ደግሞ ዶሮ ሳይጮህ ሦስት ጊዜ ‘አላውቀውም’ ብሏል። በር ላይ የምናቆመው ግን ይኼን አንዱን ነው። እኔ ዘንድሮ ደከመኝ። እግሬም ደከመኝ፣ ይኼም ነገር ደከመኝ።”

ባርባ ናኔ ጎንበስ ብለው ዳቦውን አዩ።

“ይደርቃል” አሉ በመጨረሻ። “ግቡ። ሁላችሁም ግቡ።”

“አቲሊዮም?” አልኩ።

“ሁላችሁም አልኩ። ሁላችሁም ማለት ምን ማለት ነው? ጣልያንኛ አትሰሚም?”

ገባን። የባርባ ናኔ እጅ አሥራ አንድ ቦታ መቁረስ ነው የለመደው፤ አሥራ አንደኛውን ለአቲሊዮ ሰጥተው ለራሳቸው ፍርፋሪ ቀራቸው። ፍርፋሪውን ከጨርቁ ላይ በጣታቸው እየለቀሙ በሉ። ማንም አልሳቀም። አቲሊዮ ግን ቁራሹን አልቀመሰውም። እኔ በእንባዬ ካረጠብኩት መሀረብ ደረቁን ጎን መርጦ ጠቀለለው።

“ለምን አትበላም?” አሉት ሲዮራ ቶስካ።

“ከልጄ ጋር ልበላው ነው” አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ሪፖርቱ በሰኔ ወጣ፤ ጋዜጣም ላይ ተጻፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ቫልዳንጋ ላይ ግን እንኳን ሊጠራ ጭጋጉ ባሰ። ባርባ ናኔ ጋዜጣውን አጥፈው ዓሣ ጠቀለሉበት። “ፓዶቫ ያለ ሰው ስለ አያቴ መላጣ ምን ያውቃል?” ይላሉ እስከ ዛሬ። ሲዮራ ቶስካ ግን አንብቢልኝ ብለው ማክሰኞ ቀን አስነበቡኝ። እየፈራሁ አነበብኩ፤ አቲሊዮም ጡረተኛ ሆኖ ሳለ ለዚሁ ብሎ መጥቶ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ስጨርስ ተነስተው ሎሚ የያዘችውን ሴት ሄደው አዩ። ተመልሰው ዮሐንስን አዩ። “አፍንጫቸው አንድ ነው፤ እውነት ነው” አሉ። ከዚያ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው፣ “ማንም ይሁን፣ እየበላ ነው” አሉና ሰዓቱ እስኪሞላ ቆዩ። አቲሊዮ ቀና ብሎ አየኝ። ሰውዬው ለካ ሁለት ወር ሙሉ የተሸከመላቸውን ነገር እሳቸው ራሳቸው መሸከም ይችሉ ኖሯል። አልተቆጨም። እኔ ነኝ የተቆጨሁት።

ሞሬና ሜስትሬ አልገባችም። ለሚመጣው ጸሎተ ሐሙስ ትመጪያለሽ ወይ ብላት፣ “የሚበላ ካለ እመጣለሁ” አለችኝ። ዳቦው የተቆረሰ ቀን አባቷ ቤት ገብቶ የሆነውንም የነገረችኝ እሷ ናት። ምሳ ላይ ነበረች፤ ሰርዲን በሽንኩርትና በኮምጣጤ ሠርታ። አቲሊዮ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ፣ መሀረቡን ፈታ፣ ቁራሹን ለሁለት ከፈለ። እሷ ዝም ብላ በላች። እሱ ግን አፉ ውስጥ ይዞ ቆየ፣ ቀስ ብሎ አኘከ፣ እንደገናም አኘከ።

“ጨው የለውም” አላት፤ ግርም ብሎት። “አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ምን ይል ይሆን እያልኩ ሳስብ፣ ጨው የለውም።”

እውነቱን ነው። መነኮሳቱ ከጥንት ጀምሮ ያለ ጨው ነው የሚጋግሩት። ደሴቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለሱ የነገረው ግን አንድም ሰው አልነበረም።